የተቀማጭ ሰው ትጥቅ

«የቁርጭምጭሚት አፎት ስፋልኝ» ብሎ ወደ ሱቄ ከሚመጣው ሰው አብዛኛውን የምሸኘው የወገብ አፎት አስይዤ ነው። ገበያ ጠልቼ አይደለም። ሽጉጥ ለመሸከም ከሰውነት ሁሉ የማይመቸው እግር ነው፤ ከእጅ ይርቃል፣ ለአቧራ ይቀርባል፣ በየእርምጃው ይወዛወዛል። ይህን ሁሉ ጉድለት የሚያስችል አንድ ምክንያት ብቻ አለ፤ መቀመጥ። ስለዚህ ደንበኛው የቆዳውን ቀለም ሳይመርጥ ቀድሜ እጠይቀዋለሁ፦ «በቀን ስንት ሰዓት ተቀምጠህ ትውላለህ?»

የምኖረው ቨርጂንያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ የጫማ ጥገና፣ ከዚያም የሽጉጥ አፎት እየሰፋሁ እተዳደራለሁ። ወስፌና ሰም የያዝኩት መርካቶ ጫማ ሰፊዎች ዘንድ ነው፤ ሽጉጥ ግን እዚህ አገር እስክመጣ በእጄ ነክቼ አላውቅም። አፎትን የማየው በጫማ ሰፊ ዓይን ነው ማለት ይቻላል። ጫማ ሰፊ መጀመሪያ እግሩን ያያል፤ ቀጥሎ ባለ እግሩ ቀኑን የት እንደሚውል ይጠይቃል።

ብዙዎች ምኞቱን ይዘው የሚመጡት ከፊልም ነው። በ1971 በወጣው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» ጂን ሃክማን የሚጫወተው መርማሪ ሽጉጡን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ታጥቆ ይታያል፤ ከእሱ ወዲህ የፊልም ፖሊስ ጎንበስ ብሎ መምዘዝ ይወዳል። እውነተኛው ፖሊስ እግሩ ላይ የሚያስረው ሁለተኛውን ሽጉጥ ነው፤ ዋናው ወገቡ ላይ ነው። ሲራመድና ደረጃ ሲወጣ የሚውል ሰው ብቸኛ ሽጉጡን እግሩ ላይ ቢያስር ለማውጣት የግድ ቆሞ መንበርከክ አለበት። የሚሮጥ ሰው አይንበረከክም።

ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነገሩ ይገለበጣል። መኪና ውስጥ ወይም ከገንዘብ መቀበያ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ወገቡ ላይ ያለው ሽጉጥ በወንበሩና በዳሌው መሃል ይቀረቀራል፤ የመኪና ቀበቶ ከላይ ይጫነዋል፣ የኮቱ ጫፍ ይሸፍነዋል፣ እጀታው የጎን አጥንቱን ሲቆረቁረው ይውላል። ያው ሰው ትንሽ ጎንበስ ቢል እጁ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያርፋል። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና የግራ እግር ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በግራ እግሩ፣ በውስጥ በኩል፣ እጀታው ወደ ኋላ ዞሮ ያስራል። በውጭ በኩል ከሆነ የመኪና በርና የጠረጴዛ እግር ሲገጩት ይውላሉ፤ ከሱሪው ላይም እብጠት ሆኖ ይታያል።

አንድ አዛውንት ሾፌር መጥተው ነበር።

«ጋሼ፣ የሚጽፉት በየትኛው እጅዎ ነው?»

«ግራኝ ነኝ፣ ልጄ።»

«እንግዲያስ አልሰፋልዎትም።»

ተቆጡ። ግራኝ ሰው የሚያስረው ቀኝ እግሩ ላይ ነው፤ ቀኝ እግር ደግሞ ቤንዚንና ፍሬን የሚረግጠው ነው። ማሰሪያው ቢላላና አፎቱ ተንሸራቶ ጫማው ላይ ቢወርድ፣ ወይም የሱሪው ጫፍ ተገልብጦ ፔዳሉ ላይ ቢያዝ፣ ከየትኛውም ሌባ የከፋ አደጋ ነው። ይህን ቁጭ አድርጌ ካሳየኋቸው በኋላ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «የፖቶማክን ወንዝ ትሻገራለህ ወይ?» የሚል ነው። ቨርጂንያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው፤ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ፈቃዱ ግን ፖቶማክን አይሻገርም። ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ የቨርጂንያን ፈቃድ አይቀበሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 የሰጠው «ብሩን» የተባለው ውሳኔ በአንዳንድ ግዛቶች ፈቃድ ማግኘትን አቀለለ እንጂ የአንዱን ፈቃድ በሌላው ዘንድ አላስከበረም። ስለዚህ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ፣ ወይም በ14ኛው መንገድ ድልድይ ወደ ዲሲ ሰው የሚያደርስ ወገን፣ እግሩ ላይ ያለው ነገር ድልድዩ ላይ ወንጀል ይሆንበታል። ወንዙን ማዶ ለማዶ ሲመላለስ ለሚውል ሰው የማንኛውም አፎት ምቾት ትርጉም የለውም። ኡበርና ሊፍትም ሾፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ። ነገሩ ይገርማል፤ ለዚህ አፎት የተፈጠረ የሚመስለው ሾፌር ነው፣ ከሾፌሮቻችን ግን አብዛኞቹ በሕግም በድርጅት ደንብም ሊታጠቁት አይችሉም። የሚቀሩልኝ በራሳቸው ሱቅና ነዳጅ ማደያ ቁጭ ብለው የሚውሉ ሰዎች፣ በራሳቸው መኪና ከቨርጂንያ የማይወጡ ጥቂቶች፣ ከዚያም ፖሊሶች ናቸው።

ከእነዚህም መሃል እግሩን አይቼ የምመልሰው አለ። ስኳር በሽታ ይዞት የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው ጠፍሩ ሲቆርጠው አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያየው ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው። የደም ሥሩ ያበጠም እንዲሁ። እግሩ ስሜት የሌለው የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ከሁሉ ይልቅ ተቀማጭ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ለእሱም ግን እምቢ እላለሁ፣ ምክንያቱ ያው ነው።

ሰውየው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ የሽጉጡ ክብደት ይመጣል። ስድስት መቶ ግራም ወገብ ላይ ቀላል ነው፤ ቀበቶው ለዳሌው ያካፍለዋል። ቁርጭምጭሚት ላይ ያው ክብደት በየእርምጃው ይነሳል፣ ይወረወራል፣ ይቆማል። የሐምሌ ጭቃ በአንዱ ጫማ ብቻ ተለጥፎበት የሄደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ድንበሬ ከነጥይቱ ግማሽ ኪሎ ግድም ነው። በ2008 የወጣው ሩገር ኤልሲፒ ባዶውን 270 ግራም ያህል ነው፤ እግር ላይ ከሚታሰሩት ቀላሎች አንዱ ነው፣ ለመተኮስ ግን ትንሽነቱ እጅ ያስቸግራል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 የሚባለው ባለ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ወደ 410 ግራም ይመዝናል፤ አምስቱ ጥይት 75 ግራም ያህል ይጨምርበታል። በ2015 የወጣው ግሎክ 43 በባዶ ካዝናው 510 ግራም አካባቢ ነው፤ ሲጎርስ ድንበሬን ያልፋል፣ እግሩ ጠንካራ ከሆነ ግን እሰፋለሁ። ግሎክ 19 ጎርሶ 850 ግራም ያህል ይሆናል። እሱን እግሩ ላይ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ አንድ ቀን ኪሎ ስኳር እግሩ ላይ አስሮ ውሎ እንዲመለስ እነግረዋለሁ። ተመልሶ የመጣ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ የማደላው ለሪቮልቨሩ ነው። 642 መምቻው ሙሉ በሙሉ በአካሉ ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ ሲወጣ የሱሪ ጨርቅ አይዝም። ከዚያም በላይ አቧራ ይችላል። ቁርጭምጭሚት ከመሬት አንድ ስንዝር ነው፤ የምንጣፍ ብናኝ፣ የካልሲ ጥጥ፣ የክረምት ጊዜ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው፣ ሁሉም እዚያ ያርፋል። አውቶማቲክ ሽጉጥ ውስጥ የገባ ጥጥ ጥይቱ እንዲነክስ ያደርጋል። ሪቮልቨርም መጽዳት አለበት፤ ነገር ግን ሰነፍ ባለቤትን በተሻለ ይታገሳል።

አሁን ወደ ቆዳው። ገበያ ላይ ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል የሚባል የናይለን አፎት ሞልቷል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ አልጠግነውም እንኳ። ለስላሳ ጨርቅ ቃታውን አይጠብቅም፤ ከውጭ ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል። የኔ ሕግ ጠንካራ ነው። ቃታው ከነቀለበቱ በግትር ቆዳ መሸፈን አለበት፣ ጣትም ጨርቅም እንዳይደርስበት። ለዚህ የምጠቀመው በዛፍ ቅርፊት የለፋ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። ለጫማ ፊት የለመድነው በክሮም የለፋው ቆዳ ለአፎት አይሆንም። ይለሰልሳል፣ ቅርጽ አይዝም፤ በውስጡ የሚቀረው ጨውም ብረት ያዝጋል። በቅርፊት የለፋውን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ የሽጉጡን ልክ የያዘ ሰማያዊ የፕላስቲክ አምሳያ ከተትኩበት በኋላ በአጥንት እየተጫንኩ እያንዳንዱን ጠርዝ አወጣለሁ። በእሳት ወይም በማሞቂያ አላደርቀውም፤ ጥላ ውስጥ ያድራል። ሲደርቅ ሽጉጡን ራሱ ይይዘዋል፤ በላዩ የማደርገው በአውራ ጣት ጠቅ ብሎ የሚከፈት ጠፍር ለመጠባበቂያ ነው። እግር ላይ ያለ አፎት ያለዚህ ጠፍር አይሰፋም፤ ሰው ይሰናከላል፣ አጥር ይዘላል፣ ይወድቃል።

ስፌቱን በእጅ፣ በሁለት መርፌ፣ ክሩን በሰም አሽቼ ነው የምሰፋው። የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ ይተረተራል፤ በሁለት መርፌ የተሰፋው አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። መርካቶ እያለሁ የሶል ስፌት የተማርኩት እንዲሁ ነበር።

ምቾቱን የሚወስነው ግን ገበሩ ነው። አፎቱና እግሩ የሚገናኙበትን ገጽ በበግ ለምድ አለብሳለሁ፤ ጸጉሩ አየር ይይዛል፣ ላብ ይመጥጣል፣ የሽጉጡን ጠርዝ ከአጥንት ይለያል። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራው ለጓንት ነው፤ አብዛኛው በጋችን ሱፍ የሌለው ስለሆነ ቆዳው ስስና ጠንካራ ነው። ለገበር ግን የሚያስፈልገው ሱፉ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ አለው፤ በርኖስና ዘተት የሚሠራበት ያ ሱፍ ግን ሻካራ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲፋተግ ያሳክካል። ስለዚህ የምገዛው የሜሪኖ በግ ለምድ ነው። የመንዙ ቢሠራልኝ ደስ ባለኝ፣ እግር ግን ወገን አያውቅም።

ጋልኮ የተባለው የአሪዞና ፋብሪካ የሚያመርተው «አንክል ግላቭ» ሰፊ የኒዮፕሪን ማሰሪያና የበግ ለምድ ገበር አለው፤ ከፋብሪካ ሥራ ለመግዛት ለሚፈልግ ሰው እሱን ከማሳየት አልቆጠብም። ኒዮፕሪን ይለጠጣል፣ ከእግር ጋር ይሄዳል፣ ሰፊ ስለሆነም ጫናውን ያሰራጫል። ችግሩ አየር አያሳልፍም፤ የቨርጂንያ ሐምሌ ደግሞ ወበቅ ነው። ሲመረት የሚገባበት ታዮዩሪያ የሚባል የኬሚካል ዘር ቆዳቸውን የሚያቆጣቸው ሰዎችም አሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኒዮፕሪን ገላ አይንካ። ረጅም የጥጥ ወይም የሱፍ ካልሲ እስከ ባት ድረስ ይጎተታል፣ አፎቱ በላዩ ይታሰራል፣ ከዚያ የካልሲው አናት በማሰሪያው ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። የታጠፈው ካልሲ ማሰሪያው እንዳይፋቅ ይከለክላል፤ ሱሪ ድንገት ከፍ ቢልም የሚታየው ካልሲ ይሆናል።

አታሳሰሩ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፤ ያጠብቃል። ጠዋት ያጠበቀው ማሰሪያ ከሰዓት በኋላ ደም ያስቆማል፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው እግር ወደ ማታ ያብጣልና። ጠዋት ሲታሰር ሁለት ጣት በምቾት መግባት አለበት። «ታዲያ ይወርዳል» ይሉኛል። እንዳይወርድ የሚያደርገው ጫማው ነው። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቡትስ ያደረገ ሰው የአፎቱ ታች የቡትሱ አናት ላይ ያርፋል፤ ክብደቱን ጫማው ይሸከማል፣ የቁርጭምጭሚት ጉብታም አይመታም። አጭር ጫማ ለሚያደርግ ከጉልበት በታች ባቱን የሚዞር ሁለተኛ ጠፍር እጨምራለሁ፤ በቀጭን ማሰሪያ ከአፎቱ ጋር ተያይዞ ከላይ ያንጠለጥለዋል። ባቱ ቀጭን የሆነ ሰው ከዚህ ጠፍር ብዙም አይጠቀምም፤ ያው አብሮ ይወርዳል። ለእሱ ቡትስ ግዛ ከማለት ሌላ ምክር የለኝም።

ክብደቱ በአንድ እግር ብቻ ሲሆን ሰው ሳያውቀው አረማመዱ ይንጋደዳል፤ ጀርባውን የሚያመው በዚህ ነው። ለሌላኛው እግር ተመሳሳይ ማሰሪያ እሰፋለሁ። ደም ማስቆሚያ ጠፍር፣ የታሸገ ፋሻ፣ ጓንት ይይዛል። እውነቱን ለመናገር የመኪና አደጋ ከዘራፊ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ከሁለቱ እግሮች የበለጠ የሚያስፈልገው ይህኛው ሊሆን ይችላል ብዬ ለደንበኞቼ ሁሉ እናገራለሁ። የሚስቁም አሉ።

ሱሪ ሌላ ዓለም ነው። ወጣቶቹ በሚለብሱት እግር ላይ የሚጣበቅ ጂንስ ስር ምንም ነገር አይደበቅም። ቀጥ ያለ ወይም ከታች ሰፋ የሚል፣ የእግሩ ዙሪያ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሱሪ ያስፈልጋል። ርዝመቱም ከተለመደው ጥቂት ይጨመርበታል፤ ሰው ሲቀመጥ ጨርቁ ወደ ጉልበት ይሳባል። እግር አጣምሮ መቀመጥ ያበቃል። ይህን ሳልናገር የምሸኘው ሰው የለም፤ ምክንያቱም በእኛ ቤቶች የሚቀመጡት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ብቻ አይደለም። ቡና ሲፈላ በርጩማ ይቀርባል፣ ጉልበት ከወገብ በላይ ይወጣል፣ ሱሪ እስከ ባት ይሰበሰባል። ከዚያ ደግሞ ምንጣፉ ላይ የሚድኸው ልጅ አለ። የቁርጭምጭሚት አፎት በሕፃን ዓይን ቁመት፣ በሕፃን እጅ ቁመት ላይ ነው። ወገብ ላይ ያለውን ያላየ ልጅ ይህን ያየዋል፤ ይጎትተዋልም።

ደጃፍ ላይ ጫማ የሚወልቅበት ቤትም አለ። ቤተ ክርስቲያናችንም እንዲሁ፤ ጫማ አውልቆ፣ ቆሞና ሰግዶ ለሚጸልይ ሰው እግሩ የተሰወረ ቦታ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ «እሁድስ?» ሲል የጠየቀኝን አልረሳም። እሁድ ሽጉጡ ቤት ይዋል፣ አልኩት። መኪና ውስጥ መተው መፍትሔ የሚመስለው ብዙ ነው፤ መኪና ሲሰበር መጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው። የግድ ከሆነ በወፍራም ገመድ ከወንበሩ እግር ጋር የታሰረ፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ይኑር። የማይመች አፎት አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሽጉጡን ከእግር ወደ መኪና መሳቢያ፣ ከመሳቢያ ወደ ሶፋ ትራስ ሥር ያሻግረዋል። የቆረቆረው ሰው የሚያወልቀው ቤቱ ደርሶ በሥርዓት አይደለም፤ የቆረቆረው ቦታ ላይ ነው።

አገር ቤት አባቶቻችን ዝናራቸውን ከጋቢ በላይ የሚታጠቁት ሊታይ ነበር፤ መታየቱ ግማሽ ሥራው ነው። እዚህ የሚኖሩ አባቶች አንዳንዴ ሱቄ ቁጭ ብለው ስሰፋ ያዩና «እንዲህ ተሸሽጎ ምን ሊፈይድ?» ይላሉ። የማይታይ መሣሪያ ማንንም አያስፈራም፤ ማስፈራራት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ አልሰፋም።

የሰፋሁለትን ሰው ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት የባዶ ሽጉጥ ልምምድ አሳየዋለሁ። ቆሞ ከሆነ ግራ እግር አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ቀኝ ጉልበት ወደ መሬት፣ ግራ እጅ የሱሪውን ጨርቅ ከጉልበት በላይ ጨብጦ ወደ ላይ፣ ከዚያ ብቻ ቀኝ እጅ። ተቀምጦ ከሆነ ጨርቁን መጎተት ነው። አፈሙዙ ሲወጣ በራሱ በሌላኛው እግር ላይ ሊያልፍ ስለሚችል እግሮቹ መራራቅ አለባቸው፤ ጣትም ከቃታው ውጭ ተዘርግቶ ይቀራል። ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ከእግር መምዘዝን አይፈቅዱም፤ አሠልጣኝ ፈልጎ መማር ይሻላል። መልሶ ሲከት ደግሞ እግሩ ላይ እንዳለ አይክተት። አፎቱን ይፍታ፣ ጠረጴዛ ላይ ያድርገው፣ ሽጉጡን ይክተት፣ ጠፍሩን ጠቅ ያድርግ፣ ከዚያ ይሰር። ጠዋት ጠዋት የሚደረግ ስለሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ለመልመድ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ቤት ውስጥ ባዶውን ያድርገው። እግሩ የት እንደሚቆረቁረው ይነግረዋል፤ ምልክት አድርጎ ያምጣልኝ፣ ያንን ጠርዝ አሳሳለሁ ወይም ለምድ እጨምራለሁ። በየሳምንቱ ሽጉጡን አውጥቶ ጥጡን ያራግፍ፣ በዘይት ጨርቅ ይጥረግ፤ በበረዶ ወራት ጨው ስላለ ቶሎ ቶሎ። የቬልክሮው መንጠቆ በካልሲ ጥጥ ይሞላል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ጸድቶም የማይይዝበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ያምጣው፣ ስፌቱን ፈትቼ ማሰሪያውን ብቻ እቀይራለሁ። ቆዳው ገና ነው።